ቼኩ ላይ የማን ፊርማ ነው ያለው?

«ገንዘቤን ካልመለስክ አሳስርሃለሁ።» ይህችን ዛቻ ያልሰማ የነጋዴ ቤት ያለ አይመስለኝም። በስልክ ትባላለች፣ ዕቁብ ላይ ትባላለች፣ አንዳንዴም ሽማግሌ በተቀመጠበት ትባላለች። ባለዕዳው ደንግጦ ቤቱ ይገባል፤ ባለቤቱም «እውነት ሊያሳስርህ ይችላል?» ብላ ትጠይቃለች። በዚህ ወር የምናነሳው ይህንኑ ጥያቄ ነው። አጭሩ መልስ «በዕዳው ብቻ አይችልም» የሚል ነው። ረዥሙ መልስ ውስጥ ግን ብዙ ቤተሰብ ሳያየው የሚገባበት ጉድጓድ አለ፤ ስፋቱም ከአንዲት የቼክ ቅጠል አይበልጥም።

የድሮው ዳኝነት ለዚህ ጥያቄ የማያሻማ መልስ ነበረው። ባለገንዘቡና ባለዕዳው በሰንሰለት ወይም ልብስ ለልብስ ተቋጥረው አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ ዕዳው ተከፍሎ ወይም ዳኛ ፈርዶ እስኪላቀቁ ድረስ። «ቁራኛ» ይባል የነበረው ይህ ነው። ሥርዓቱ ቀርቷል፤ ቃሉ ግን «የአልጋ ቁራኛ» ስንል ዛሬም በአፋችን አለ። «አሳስርሃለሁ» የሚለው ዛቻም የዚያ ዘመን ቅሪት ይመስለኛል፤ ሰውየውን ካልያዝኩት ገንዘቤን አላገኘውም የሚል ስጋት ነውና።

የዛሬው ሕግ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 ማንም ሰው የውል ግዴታውን መወጣት ባለመቻሉ ብቻ አይታሰርም ይላል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 9 ሀገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ይደነግጋል። «ባለመቻሉ ብቻ» የምትለዋን ልብ ይበሏት። የተጠበቀው መክፈል ያቃተው ሰው እንጂ ያታለለ ሰው አይደለም።

ታዲያ ያቃተውን ካታለለው የሚለየው ምንድን ነው? ሁለት ነጋዴዎችን እናስብ። ሁለቱም ከአንድ አስመጪ የ800 ሺህ ብር ጨርቅ በዱቤ ወስደዋል፤ ሁለቱም በሦስት ወር እከፍላለሁ ብለዋል፤ ሁለቱም አልከፈሉም። የመጀመሪያው መርካቶ ሱቅ አለው፤ ጨርቁን ደርድሮ ይሸጥ ጀመር፤ ገበያው ቀዘቀዘበት፣ የሱቅ ኪራይ ተጨመረበት፣ የተሸጠውም ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ አለቀ። ሁለተኛው ጨርቁን ሲወስድ «ለአንድ ትልቅ ሆቴል መጋረጃ ለማቅረብ ተዋውያለሁ» ብሎ የውል ወረቀት አሳይቷል። ውሉ የለም፤ ወረቀቱም የተሠራ ነው። ዕቃውን በሳምንቱ ከገዛበት በታች ሸጦ ስልኩን ዘጋ።

ዕዳው እኩል ነው፤ ሕጉ ግን ለሁለቱ አንድ ዓይነት ስም አይሰጣቸውም። የመጀመሪያው ውሉን ያልፈጸመ ባለዕዳ ነው፤ ቦታው የፍትሐ ብሔር ችሎት ነው። ሁለተኛውን የሚጠብቀው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ነው፦ አታላይነት። አንቀጹ የማይገባ ጥቅም ለማግኘት አስቦ አሳሳች ነገር በመናገር፣ ማንነቱን ወይም ሁኔታውን ያልሆነውን አስመስሎ በማቅረብ፣ መግለጽ የሚገባውን በመደበቅ ወይም በሌላው ሰው የተሳሳተ እምነት በመጠቀም ሰውን ንብረቱን የሚጎዳ ነገር እንዲያደርግ ያደረገን ሰው ይቀጣል። ቅጣቱ እንደ ነገሩ ሁኔታ ከቀላል እስራት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፤ መቀጮም አለው።

እዚህ ላይ ትልቁ ነገር ጊዜው ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ክፍያው በቀረበት ቀን የሆነውን ሳይሆን ዕቃው ወይም ገንዘቡ በተሰጠበት ቀን የተባለውንና የታሰበውን ነው። በቅን ልብ ተበድሮ ኋላ የከሰረ ሰው፣ ኪሳራው የፈለገውን ያህል ቢከፋ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ አታላይ አይሆንም። ሲወስድ ጀምሮ ላለመክፈል ያሰበ ሰው ደግሞ «ገበያ ጠፋ» ቢል አይድንም።

የሰውን ልብ ማን ያየዋል ይሉ ይሆናል። ልብ አይታይም፤ ዱካው ግን ይታያል። ከርክክቡ በፊት ምን ተባለ? የተባለው እውነት ነበር? ዕቃው የት ሄደ፣ በስንት ተሸጠ? በዚያው ሰሞን በተመሳሳይ ወሬ ከስንት ሰው ወሰደ? ከዚያ በኋላስ ስልክ ያነሳ ነበር? ከዕዳው ጥቂት መክፈልም የቅንነት ምልክት ተደርጎ ይቀርባል፤ በዚህ ላይ ግን ብዙ አይተማመኑ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በሰዓቱ እየከፈለ አመኔታ ካተረፈ በኋላ በሦስተኛው ትልቁን ጭነት ይዞ የሚጠፋ ሰው ጥንትም ነበር፣ ዛሬም አለ።

መደበቅም እንደ ውሸት ይቆጠራል። ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት «ንጹሕ ነው» ብሎ የሸጠ፣ ለሌላ የተሸጠ መኪና ላይ ሁለተኛ ቀብድ የተቀበለ ሰው ምናልባት አንዲት የሐሰት ቃል አልወጣችው ይሆናል። መናገር የነበረበትን አለመናገሩ ይበቃል። ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታ ሌላ ነገርም አለ። ዕቃው የተሰጠዎት በዱቤ ተሸጦልዎት ሳይሆን «ሸጠህ ገንዘቡን አምጣልኝ» ተብሎ በአደራ ከሆነ፣ ዕቃው የሰውየው ነው፤ የሽያጩም ገንዘብ የእሱ ነው። ያንን ገንዘብ ለራስ ጉዳይ ማዋል በአንቀጽ 675 እምነት ማጉደል የሚባል ሌላ ወንጀል ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ የርክክብ ወረቀቱ «ሽያጭ» ይላል ወይስ «አደራ» የሚለው ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንሂድ።

ቼክ ማለት ደንበኛው ለባንኩ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው፦ ይህን ይዞ ለሚመጣ ሰው ይህን ያህል ክፈል። እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው። በንግድ ሕጉ መሠረት የወደፊት ቀን ቢጻፍበት እንኳ ቀኑ ሳይደርስ የቀረበ ቼክ በቀረበበት ዕለት ይከፈላል። በእኛ ገበያ ግን ቼክ ሌላ ሥራ ይዟል። ለዱቤ መተማመኛ ይሰጣል፤ ለብድር መያዣ ይሰጣል፤ በትልልቅ የነጋዴ ዕቁቦችም ዕጣ የወጣለት ሰው ከዋሱ ጋር ቼክ ፈርሞ እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል። ሰጪውም ተቀባዩም ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ እንደሌለ ያውቃሉ። «ለመተማመኛ ነው» ይባባላሉ፤ ቡና ጠጥተው ይለያያሉ።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ግን ስለ መተማመኛ አያወራም። ቼኩን ሲያወጣ ወይም ቼኩ ለክፍያ ሲቀርብ በቂ ስንቅ እንደሌለው እያወቀ ቼክ ያወጣ ሰው ከቀላል እስራት ጀምሮ እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራትና መቀጮ ሊቀጣ ይችላል። ጣሪያው ከተራው አታላይነት እጥፍ ነው። በዚያ ላይ በአንቀጽ 692 ዐቃቤ ሕግ አንድ ሰው መታለሉን ማስረዳት አለበት፤ በ693 ግን ዋናው ጥያቄ ቼኩን የጻፈው ሰው ስንቅ እንደሌለው ያውቅ ነበር ወይ የሚል ነው። ባንኩ «በቂ ስንቅ የለውም» ብሎ ቼኩን የመለሰበት ወረቀት ደግሞ ለከሳሹ የተዘጋጀ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ገበያ ያጠፋው ያ የመጀመሪያው ነጋዴ፣ ውሸት ያልተናገረው፣ ስልኩን ያልዘጋው፣ ጨርቁን ሲወስድ አንዲት የመተማመኛ ቼክ ፈርሞ ከነበረ ከአታላዩ ጋር አንድ ኮሪደር ላይ ሊቆም ይችላል። እንዲያውም ለእሱ የሚከፋበት ጊዜ አለ፤ የአታላዩን ሐሳብ ማስረዳት ያስቸግራል፣ የእሱ ፊርማ ግን ወረቀት ላይ ነው።

«ገንዘብ እንደሌለኝ እሱም ያውቅ ነበር እኮ» የሚለው ክርክር ሰው ሲሰማው ያሳዝናል። ቼክ መክፈያ እንጂ መያዣ አይደለም የሚለው መልስ ግን ከባድ መልስ ነው፤ በዚህ ክርክር ተማምኖ ማደር አይቻልም። ሲፈርሙ ገንዘብ ነበረኝ ማለትም አይበቃም፤ ቼኩ ሳይቀርብ ገንዘቡን ካወጡትና ይህንንም ካወቁ ያው ነው። ከሁሉም የሚከፋው መጠኑ ሳይጻፍ የተፈረመው ባዶ ቼክ ነው። እሱን የሰጠ ሰው የዕዳውን መጠን እንዲጽፍ ለባለገንዘቡ እስክሪብቶውን አብሮ ሰጥቷል።

ይህን ገጽ የምታነቡ እመቤቶች፣ ቀጣዩ በተለይ ለእናንተ ነው። በ1952 ዓ.ም በወጣው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጉ ነበር። ስለዚህ ስንቱ ባል ሚስቱን፣ ስንቱ ወንድም እህቱን በወረቀት ላይ አባል አድርጓል! አንዳንዷ ሥራ አስኪያጅም ተብላለች። በ2013 ዓ.ም የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ማኅበርን ፈቅዷል፤ የድሮዎቹ ወረቀቶች ግን እንዳሉ ናቸው። እሱ ክፍለ ሀገር ሲወጣ «አምስት ቅጠል ፈርመሽ አስቀምጪልኝ» ይላል፤ እሷም ሽንኩርቱን አስቀምጣ፣ እጇን አድርቃ ትፈርማለች። «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚለው ቃል የሚመለከተው የማኅበሩን የገንዘብ ዕዳ ነው። የወንጀል ኃላፊነት የግል ነው፤ ቼኩ ሲመለስ መጀመሪያ የሚፈለገው የፈረመው ሰው ነው። አላውቅም ነበር የሚለው መከራከሪያ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ሕጉ «እያወቀ» ይላልና። ዋጋ የሚኖረው ግን ጣቢያ ከተጠሩ፣ ቃል ከሰጡ፣ ዋስ ከጠሩ በኋላ ነው። ባልሽን አትመኚ ማለቴ አይደለም። ሂሳቡ ውስጥ ዛሬ ስንት እንዳለ ሳያዩ አለመፈረም አለመተማመን አይባልም፤ የሂሳብ መግለጫውን ማየት ደግሞ ዛሬ በስልክ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ደግሞ ወንበሩን እናዙር፤ ገንዘብ የቀረብዎት እርስዎ ነዎት እንበል። ወደ ፖሊስ የመሮጥ ፈተናው ይገባኛል። ፍትሐ ብሔር ችሎት ሲከፍቱ የዳኝነት ክፍያ አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ቀጠሮ አለ፤ ጣቢያ ሄዶ «ተታለልኩ» ማለት ግን ገንዘብ አያስወጣም፤ ባለዕዳውንም ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ ያልተታለለ ሰው ተታለልኩ ብሎ ሲያመለክት ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንደኛ፣ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው ተብሎ መዝገቡ ሲዘጋ ወራት አልፈዋል፤ ባለዕዳውም እስከዚያ ያለውን አሽሽቷል። ሁለተኛ፣ ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ሰውን በሐሰት መወንጀል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ አንቀጽ 447ን ይመልከቱ። በወር አሥር በመቶ ያበደረ ሰውማ ጣቢያ በር ላይ ቆሞ ሁለቴ ቢያስብ ይሻለዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለብድር ያስቀመጠው የወለድ ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ ነው፤ የተቸገረን ሰው ችግር ተጠቅሞ ከዚያ በላይ ማስከፈል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 አራጣ ይባላል።

ይልቅ ከመጀመሪያው ወረቀትዎን ያሳምሩ። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም፤ በምስክር ብቻ አይሆንም። በባንክ ወይም በቴሌብር የተላከ ገንዘብ መላኩን እንጂ ለምን እንደተላከ ላያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ምክንያቱን ይጻፉበት፣ ውሉንም ለብቻው ያስፈርሙ። መተማመኛ ከፈለጉ ሕጉ የሰጠዎት ሌላ መንገድ አለ። ቀኑን ጠብቆ የሚከፈል የተስፋ ሰነድ አለ፤ በእሱ ሲከሱ ጉዳዩ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊታይ ይችላል፣ ተከሳሹም ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መከላከያ አያቀርብም። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በአዋጅ 1147/2011 ማሽን፣ ዕቃና ሌላም ተንቀሳቃሽ ንብረት በመያዣነት ማስመዝገብ ይቻላል። እነዚህ ባለዕዳውን አያሳስሩም፤ ገንዘብዎን ግን ያስመልሳሉ። እርስዎ የሚፈልጉት ሰውየውን ሳይሆን ገንዘቡን ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከቤትዎ ሰው በዕዳ ምክንያት ጣቢያ ቢጠራስ? መጀመሪያ፣ አይጥፋ። መሰወር ዱካ ከሚባሉት ሁሉ የከፋው ነው። ውሉን፣ የርክክብ ደረሰኙን፣ የከፈለባቸውን የባንክ ወረቀቶች፣ «በዚህ ሳምንት 20 ሺህ እልካለሁ፣ ታገሠኝ» ያለባቸውን መልእክቶች ሳይቀር ሰብስቡ፤ ያች ትንሽ መልእክት ስለ ቅን ልቡ ብዙ ትናገራለች። ከታሰረ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከያዙት ቦታ እስከ ፍርድ ቤቱ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ አይታሰብም። ዝም የማለት መብት አለው፤ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱና የሕግ አማካሪው ሊጎበኙት ይችላሉ። ሁለቱም አንቀጾች ዋስትናን በራሳቸው የሚከለክሉ አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህችን አስታውሱ፦ ጣቢያ ውስጥ ቼክ አይጻፍም። ሽማግሌ ይገባል፣ ከሳሹ ይለሳለሳል፣ «በሁለት ወር የሚከፈል ቼክ ይጻፍልኝና ልተወው» ይላል። ቤተሰቡም ለመውጣት ስለሚጓጓ ይጻፋል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተራ ዕዳ የነበረው ነገር በዚያች ቅጠል የአንቀጽ 693 ጉዳይ ይሆናል። ዕርቅ መልካም ነው፤ ግን በየወሩ የሚከፈለው ተዘርዝሮ፣ ምስክር ፈርሞበት፣ በውል ይሁን። በተፈጸመ ወንጀል ከሆነ ደግሞ መክፈሉ ክሱን በራሱ አያስቀርም፤ ጉዳትን መካስ ግን ቅጣት ከሚያቀልሉ ምክንያቶች አንዱ ነው። በወንጀሉ ነጻ መውጣትም ዕዳውን አያጠፋውም።

ስለ ቤቱስ? በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ የአንደኛው ተጋቢ ዕዳ ከግል ንብረቱ፣ እሱ ካልበቃ ከጋራው እንዲከፈል ያደርጋል፤ ለቤተሰቡ ኑሮ የተገባ ዕዳ ደግሞ የሁለቱም ነው። የጋራ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ፣ ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆንም የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ባለቤትዎ ለጓደኛው ዕቁብ ዋስ ሲሆን ሳይጠይቅዎት ከሆነ፣ ሕጉ ይጠይቅዎት ነበር ይላል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያ ያላችሁ የክልላችሁን እዩ።

እና የከፈላችሁት ዕዳ ቼክ አሁን የት ነው ያለው? ብዙ ሰው ከፍሎ፣ ተመራርቆ፣ ቼኩን ሳይቀበል ይመለሳል። ከዓመት በኋላ ሁለቱ ይጣላሉ፤ ያች ቼክ ከመሳቢያ ትወጣለች። ገንዘቡን ሲያስረክቡ ቼኩን በሌላ እጅዎ ይቀበሉ። «ጠፍቶብኛል» ካለዎት ቁጥሩን ጠቅሶ፣ ዕዳው መከፈሉንና ቼኩ ከእንግዲህ እንደማያገለግል በጽሑፍ ይስጥዎት፤ ግልባጩንም ለባንክዎ ያስገቡ።